ፋይሉን ማን ይፈታዋል?

አንድ ወዳጄ የዝናብ መረጃ ላከልኝ። ፋይሉ ከበድ ያለ ስለነበር ማታ ዳውንሎድ ጥጄ ተኛሁ። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ልከፍተው ስል ፕሮግራሙ አንዲት መስመር ጽፎ ዝም አለ። ፊልተሩን አላውቀውም ነው የሚለው። ፋይሉ አልተበላሸም። ኬክሮሱ፣ ኬንትሮሱ፣ ቀኑ፣ መለኪያው ሚሊሜትር መሆኑ ሁሉ ይነበባል። የዝናቡ ቁጥሮች ብቻ አይወጡም። የካርቶኑን ጽሑፍ እያነበብኩ ካርቶኑን መክፈት አቃተኝ።

ደወልኩለት። «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ ፋይሉን ያመቀው፣ ማለትም ቦታ እንዳይፈጅ የጠቀጠቀው፣ ዜድስታንዳርድ በሚባለው አዲስ ዘዴ ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ያ ነገር አልተጫነም። እሱ ጋ የዲስክ ቦታ ተረፈ። እኔ ጋ ግማሽ ቀን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ስለ መረጃ እመቃ ሳስብ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። የሚያምቀው ሰውና የሚፈታው ሰው አንድ ሰው አይደሉም። ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበትን የተዘጋጀ ኮድ) የሚሠሩት ፕሮግራመሮች አዲስ የእመቃ ዘዴ ሲጨምሩ የምንሰማው ስንት እጥፍ እንዳነሰና ስንት እጥፍ እንደፈጠነ ነው። ወጪው ማን ላይ እንደሚያርፍ ብዙም አይወራም።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንተዋወቅ። የአየር ጠባይ፣ የሳተላይትና የውቅያኖስ መረጃ የሚያስቀምጡ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙባቸው ሁለት ላይብረሪዎች አሉ። አንደኛው ኤችዲኤፍ5 ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ተሠርቶ በ1998 ወጣ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው)። በ2006 ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ኤችዲኤፍ ግሩፕ በሚባል ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ሥር ሆነ። ሁለተኛው ኔትሲዲኤፍ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ ያለው ዩኒዳታ ይሠራዋል። በ2008 የወጣው ኔትሲዲኤፍ 4 ከሥሩ ኤችዲኤፍ5ን ይጠቀማል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው የኔትሲዲኤፍ ፋይል ሲልክላችሁ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ኔትሲዲኤፍ፣ ውስጡ ኤችዲኤፍ5 ነው።

እመቃ ለእነዚህ ላይብረሪዎች አዲስ ነገር አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሥራውን ብቻውን ሲሠራ የኖረው ዜድሊብ ነው። ዣን ሉፕ ጋይና ማርክ አድለር በ1995 አወጡት፤ መጀመሪያ የታሰበው ፒኤንጂ ለሚባሉት ምስሎች ነበር። ስልካችሁ ውስጥ አለ፣ ብራውዘራችሁ ውስጥ አለ፣ ባንክ ቤት ያለው ኮምፒውተር ውስጥም አለ። የፓተንት ጣጣ የለበትም። ድክመቱ ዘገምተኛነቱ ነው። በ2016 ያን ኮሌ የተባለ ፈረንሳዊ ፌስቡክ ሆኖ ዜድስታንዳርድን ይፋ አደረገ። በተመሳሳይ ፍጥነት የበለጠ ያሳንሳል። ሲፈታ ደግሞ ከዜድሊብ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጥሎት ይሄዳል።

ፍጥነቱ ለምን ያን ያህል አስፈለገ? የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ጂኤፍኤስ የሚባለውን የዓለም ሞዴሉን በማርች 2021 ወደ ቨርዥን 16 ሲያሳድግ ውጤቱን በኔትሲዲኤፍ መጻፍ ጀመረ። ሞዴሉ በቀን 4 ጊዜ ይሠራል። ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፤ ያለፈ ትንበያ ለማንም አይጠቅምም። ግዙፉ ኮምፒውተር አስልቶ ጨርሶ አንድ ፕሮሰሰር በዜድሊብ ፋይል እስኪያምቅ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ከሆነ ነገሩ አያዋጣም። ለዚህ ነው ብዙ ፕሮሰሰሮች እያመቁ አንድ ላይ የሚጽፉበት መንገድ በ2020 ወደ ኔትሲዲኤፍ የገባው። የቴሌስኮፕ ሰዎችም የራሳቸው ጭንቀት አለባቸው። ካናዳ ውስጥ ላለው ቻይም ለተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተሠራው ቢትሸፍል የተባለ ዘዴ ዛሬ የኤክስሬይ ካሜራ የሚጠቀሙ ላቦራቶሪዎችም ይገለገሉበታል።

እንግዲህ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ጥያቄው አዲሱን ዘዴ ላይብረሪው ውስጥ የምናስገባው እንዴት ነው የሚለው ነው።

ኤችዲኤፍ5 እዚህ ላይ ብልህ ነበር። ዘዴዎቹን ፊልተር ብሎ ይጠራቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር አለው። ዜድሊብ የሚጠቀምበት ስልት 1 ነው። ሸፍል የሚባለው 2፣ ኤስዚፕ 4፣ ቢዚፕ2 ደግሞ 307። ዜድስታንዳርድ 32015 ነው። አዲስ ዘዴ የፈጠረ ሰው ኤችዲኤፍ ግሩፕን ጠይቆ ቁጥር ያስመዘግባል፤ እንደ መኪና ታርጋ። ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ያ ቁጥር ነው። የሚፈታው ኮድ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም።

በ2013 በወጣው የኤችዲኤፍ5 ቨርዥን 1.8.11 ላይ አንድ ነገር ተጨመረ። ላይብረሪው የማያውቀው ቁጥር ሲገጥመው አንድ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ያንን ፊልተር የያዘ ፕለጊን (ከውጭ የሚሰካ ተጨማሪ ኮድ) ይፈልጋል። ካገኘ ይጭነዋል፣ ይፈታል። ካላገኘ እኔ ያየኋትን መስመር ይጽፋል። በዚህ መንገድ ማንም ሰው የላይብረሪውን ኮድ ሳይነካ የራሱን እመቃ ማስገባት ቻለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔ ብሆንም ይህንኑ ነበር የማደርገው። ግን ሳናስበው አንድ ነገር ተለወጠ። በፊት «ይህ የኤችዲኤፍ5 ፋይል ነው» ማለት በአብዛኛው «ትከፍተዋለህ» ማለት ነበር። አሁን ፋይሉ መቶ በመቶ ትክክለኛ የኤችዲኤፍ5 ፋይል ሆኖ ላይከፈት ይችላል።

ኔትሲዲኤፍ በ2022 ባወጣው 4.9.0 ዜድስታንዳርድን፣ ቢዚፕ2ንና ብሎስክን በአንድ መስመር ኮድ የሚጠሩ አደረጋቸው። በፊት የፊልተሩን ቁጥር ፈልጎ፣ መመሪያ አንብቦ፣ ለፍቶ ነበር። አሁን አንድ ተማሪ «ዜድስታንዳርድ፣ ደረጃ 3» ብሎ ይጽፍና ወደ ሻይው ይመለሳል። ፕለጊኑ ግን አሁንም ለብቻው የሚጫን ዕቃ ነው። መጻፉ ቀለለ፤ ማንበቡ እንደነበረ ቀረ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። «ላይብረሪው ደግፎታል» ስንል የትኛው ላይብረሪ? ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ዋናው አለ። በጃቫ ደግሞ ኤችዲኤፍ5ን ከዜሮ ጀምሮ በራሱ ኮድ የሚያነብ የኔትሲዲኤፍ ወንድም አለ። ብራውዘር ውስጥ የሚያነቡ አሉ። ከ5 ዓመት በፊት ተገዝቶ ያልታደሰ ማትላብ የሚባል የስሌት ፕሮግራም ላይ የሚሠራ ፕሮፌሰርም አለ፣ እሱንም እንቁጠረው። የሲው ላይብረሪ አዲስ ዘዴ በተቀበለ ቁጥር እነዚህ ሁሉ ያልጠየቁት የቤት ሥራ ይደርሳቸዋል። የፓይተን ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ ፈረንሳይ ግረኖብል ያለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን ላቦራቶሪ ብዙዎቹን ፊልተሮች በአንድ ጥቅል ሰብስቦ አዘጋጅቶላቸዋል፣ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ያኔ ጠዋት ያንን ባውቅ ኖሮ ግማሽ ቀኔ አይቃጠልም ነበር።

ይህ ስጋት የፈጠራ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ደርሷል። ኤስዚፕ የሚባለው ፊልተር ፈጣን ነበር፤ ሐሳቡ ከጠፈር ምርምር የመጣ ነው። ግን ፈቃዱ ላይ አንድ ጣጣ ነበረበት። መፍታት ለሁሉም ነጻ ነው፤ ማመቅ ግን ለንግድ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። በዚህ የተነሳ ብዙ የሊኑክስ አዘጋጆች ኤስዚፕን ትተው ኤችዲኤፍ5ን ያለ እሱ አሰራጩ። ፊልተር ቁጥር 4 ላይብረሪው ውስጥ በይፋ የተመዘገበ ሆኖ ሳለ ግማሹ ሰው ጋ ይሠራ ነበር፣ ግማሹ ጋ አይሠራም ነበር። ያወጣቸው ሀምቡርግ ያለው የጀርመን የአየር ንብረት ስሌት ማዕከል ነው። ያንኑ ስልት በነጻ ፈቃድ እንደገና ጻፈውና ሊብኤክ አለው። ችግሩ የተፈታው በጠበቃ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ኮድ በጻፈ ሰው ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ቀላል ነው። ነገ ራሴ የምከፍተው፣ በሳምንት የሚጠፋ የሥራ ፋይል ከሆነ ዜድስታንዳርድ። ለሌላ ሰው የምልከው ወይም ለ20 ዓመት የሚቀመጥ ከሆነ አሮጌው ዜድሊብ። ትንሽ ይተልቃል፤ ይተልቅ።

ደግሞ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ፋይሉን ከሁሉ በላይ የሚያሳንሰው የእመቃው ዘዴ ራሱ አይደለም። ከእመቃው በፊት የሚሠራው ሥራ ነው።

ሙቀትን እንውሰድ። ሞዴሎች ሙቀትን በኬልቪን ያስቀምጣሉ። የአዲስ አበባ አማካይ 16 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በኬልቪን 289 አካባቢ። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ይይዛል። አሁን ባይቶቹን ከትልቁ ጀምረን እናንብብ። ከ128 እስከ 512 ኬልቪን ያለ ማንኛውም ሙቀት የመጀመሪያ ባይቱ 67 ነው። ዳሎልም ብትሄዱ 67፣ አንታርክቲካም ብትሄዱ 67። ሁለተኛው ባይት የሚለወጠው 2 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር ነው፤ ከ288 እስከ 290 ድረስ ሁልጊዜ 144 ነው። ሦስተኛው ይቀያየራል። አራተኛውማ ዝም ብሎ ይዘላል፣ ምንም መልክ የለውም።

እመቃ የሚኖረው በድግግሞሽ ነው። ግን ባይቶቹ እንደተፈጥሯቸው ሲደረደሩ 67፣ 144፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ደግሞ 67፣ 144፣ ሌላ፣ ሌላ እያሉ ይሄዳሉ። ድግግሞሹ በጫጫታ መሀል ተቆራርጧል። ሸፍል የሚባለው ፊልተር አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ሁሉ አንድ ላይ ያሰልፋል፣ ሁለተኛዎቹን አንድ ላይ፣ እንዲህ እያለ። ከዚያ በኋላ ሚሊዮን 67 በተከታታይ ይቆማሉ። ይህን ማንኛውም እመቃ በጥቂት ባይት ይጨርሰዋል። ሸፍል ማለት ካርታ መበወዝ ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አይገባኝም፣ ሥራው የበወዙትን መልሶ መደርደር ነውና። የአየር ንብረት ሞዴል ሰዎች ከ9ኙ የዜድሊብ ደረጃዎች ዝቅተኛውን፣ 1ን፣ ከሸፍል ጋር መጠቀም የሚወዱት ለዚህ ነው። ደረጃ 9 ብዙ ያስጠብቃል፤ የሚጨምረው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አራተኛው ባይት ግን ለሸፍልም አይበገርም። ምን ይዞ ነው? በ289 ኬልቪን አካባቢ 4 ባይት ቁጥር የሚለየው ትንሹ ልዩነት 0.00003 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትሩ ግን በአሥረኛ ዲግሪ ነው የሚለካው። ሞዴሉም ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ ከእመቃ በኋላ ዲስካችን ላይ ትልቁን ቦታ የሚይዘው፣ ለመታመቅም እምቢ ያለው ክፍል ማንም ለክቶት የማያውቀው ክፍል ነው። ሳይታመቅ ከነበረው ፋይላችን ሩቡ ጫጫታ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ማጠጋጋት የሚመጣው። ትርጉም ያለውን ያህል ቢት (የባይት አንድ ስምንተኛ፣ 0 ወይም 1) ታስቀራላችሁ፤ ሌላውን ዜሮ ታደርጉታላችሁ። ለሙቀታችን ከ23ቱ የአኃዝ ቢቶች ወደ ቅርቡ አጠጋግተን 11ዱን ብናስቀር ከፍተኛው ስህተት 0.0625 ዲግሪ ነው። በምላሹ አራተኛው ባይት ሙሉ በሙሉ ዜሮ ይሆናል፣ የሦስተኛውም ግማሽ። ከዚያ ዜድሊብም ሆነ ዜድስታንዳርድ ጠራርጎ ይወስደዋል። ኔትሲዲኤፍ 4.9.0 ይህንንም ጨምሯል፣ በ3 ዓይነት ስልት። የሚገርመኝ ነገር፣ ብዙ የተወራው ስለ ዜድስታንዳርድ ነው፤ ለእኔ ግን የዚያ ቨርዥን ትልቁ ስጦታ ይሄኛው ነበር። ምክንያቱም የሚያነበው ሰው ምንም አዲስ ነገር መጫን የለበትም። የተጠጋጋ ቁጥር ያው ቁጥር ነው። በሸፍልና በዜድሊብ ታምቆ ከተላከ የፕሮፌሰሩ አሮጌ ማትላብ እንኳ ይከፍተዋል።

በ2021 ሚላን ክሎወርና ባልደረቦቹ የአውሮፓን የከባቢ አየር መረጃ ይዘው ምን ያህሉ እውነተኛ መረጃ እንደሆነ ለኩ። አብዛኞቹ ተለዋዋጮች በአንድ ቁጥር ከ7 ቢት ያነሰ እውነተኛ መረጃ ነው ያላቸው። ጠቅላላ መረጃው ከ64 ቢት ቁጥሮች አንጻር 17 እጥፍ ሲያንስ 99 በመቶው እውነተኛ መረጃ እንዳለ ቀረ።

ግን ማጠጋጋትም አደብ ይፈልጋል። ሱቅ ስትሄዱ ባለሱቁ መልስ ሲሰጥ ሳንቲሙን ሁልጊዜ ወደ ራሱ የሚያጠጋጋ ከሆነ በአንድ ቀን አይታወቃችሁም፤ በዓመት ግን ኪሳችሁ ያውቀዋል። ቢቶችን ሁልጊዜ ወደ ታች የሚቆርጥ ስልትም እንዲሁ ነው፤ አማካዩን ቀስ በቀስ ያወርደዋል። በ2016 ቻርሊ ዜንደር ያቀረበው ቢት ግሩሚንግ የተባለው ስልት ለዚህ መላ ነበረው። አንዱን ቁጥር ወደ ታች፣ ቀጥሎ ያለውን ወደ ላይ እያለ ሚዛኑን ይጠብቃል። ኋላ የመጡት ወደ ቅርቡ ያጠጋጋሉ። ኔትሲዲኤፍ ደግሞ ስንት አኃዝ ወይም ስንት ቢት እንደቀረ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ይህች ጽሑፍ ባትኖር ኖሮ ከ10 ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው የተጠጋጋ ቁጥር መያዙን የሚያውቅበት መንገድ አይኖርም ነበር።

ወደ ዝናቡ ልመለስ። ቺርፕስ የሚባል የዝናብ መረጃ አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ የአየር ንብረት አደጋዎች ማዕከል ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ጋር ያዘጋጀዋል። ለኢትዮጵያ ሩቅ ነገር አይደለም። ዋና ተጠቃሚው ፊውስ ኔት የሚባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በ1985 የተቋቋመው የእኛንና የጎረቤቶቻችንን ድርቅ ተከትሎ ነው። የቺርፕስ ሁለተኛው ቨርዥን ከ1981 ጀምሮ በየቀኑ፣ ከሰሜን 50 እስከ ደቡብ 50 ዲግሪ ያለውን ምድር በ0.05 ዲግሪ ሳጥን ይሸፍናል። ስናሰላው በቀን 7200 በ2000 ሳጥን ነው፤ 14.4 ሚሊዮን ቁጥር። ሳይታመቅ በቀን 57.6 ሜጋባይት፣ በዓመት 21 ጊጋባይት። በሞባይል ዳታ አውርዱ እስኪ!

ደግነቱ ዝናብ ለእመቃ የተፈጠረ ነገር ነው። ባሕሩ በሙሉ አንድ ዓይነት የባዶ ምልክት ነው። ምድሩ ላይም በማንኛውም ቀን አብዛኛው ቦታ ዜሮ ነው። ሰሃራ ብቻውን ስንት ዜሮ እንደሚያዋጣ አስቡት።

ጣጣው የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። ፋይል ሲታመቅ በአንድ ጥቅል አይታመቅም። እንደዚያ ቢሆን አንዲት ቁጥር ለማንበብ ሁሉንም መፍታት ነበረብን። ላይብረሪው መረጃውን እንደ ድፎ ዳቦ ይቆርሰውና እያንዳንዱን ቁራሽ ለየብቻ ያምቃል። አንዲት ቁጥር ለማንበብ ያለችበትን ቁራሽ ሙሉውን መፍታት ግድ ነው። የቁራሹን ቅርጽ የሚመርጠው የሚጽፈው ሰው ነው።

ጸሐፊው ቁራሹን «አንድ ቀን፣ ሙሉ ካርታ» አደረገው እንበል። ለእሱ ይመቸዋል፤ በየቀኑ አንድ ካርታ ነው የሚጨምረው። አሁን ኮምቦልቻ ያለች አንዲት ባለሙያ ወረዳዋ ውስጥ ያለች የአንዲት ሳጥን የ40 ዓመት ዝናብ ፈለገች። 14,600 ያህል ቁጥር ነው፤ ከ60 ኪሎባይት አይበልጥም። ግን እያንዳንዷ ቁጥር ሌላ ቁራሽ ውስጥ ናት። 14,600 ሙሉ የዓለም ካርታ መፈታት አለበት። በድምሩ 841 ጊጋባይት። በሰከንድ 300 ሜጋባይት ቢፈታ እንኳ ወደ 47 ደቂቃ ነው። ሰሃራ ባዶ መሆኑን 14,600 ጊዜ ታረጋግጣለች።

ቁራሹ «365 ቀን፣ 50 በ50 ሳጥን» ቢሆንስ? አንዱ ቁራሽ 3.65 ሜጋባይት ነው። እሷ 40 ቁራሽ ብቻ ፈትታ በግማሽ ሰከንድ ትጨርሳለች። በምትኩ የአንድ ቀን ካርታ የሚፈልገው ሰው ሙሉውን የዓመቱን 21 ጊጋባይት ይፈታል። የትኛውም ቅርጽ ለሁሉም አይሆንም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፣ እኔን ስለበላኝ። ኤችዲኤፍ5 የፈታውን ቁራሽ ለትንሽ ጊዜ በማስታወሻው ይይዘዋል፤ እንደገና ስትጠይቁት እንዳይለፋ። ያ ቦታ ለብዙ ዓመታት ማንም ካልቀየረው 1 ሜጋባይት ነበር። 3.65 ሜጋባይት ቁራሽ አይገባበትም። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ሳጥን በሳጥን የሚያነብ ከሆነ ያንኑ ቁራሽ ሺህ ጊዜ ይፈታል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ዜድሊብን ስራገም ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ያንን ቦታ ወደ 64 ሜጋባይት ሳሳድገው ምሳ በልቼ እስክመለስ ያልጨረሰው ሥራ ቡና እስኪፈላ አለቀ።

ስለ እምነትም አንድ ቃል። አዲስ የእመቃ ዘዴ ማስገባት ማለት የሌላ ሰው ኮድ ወደ ቤት ማስገባት ነው። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ፕሮግራመር ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው። ሲቆፍር ኤክስዜድ በሚባለው የእመቃ ላይብረሪ ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። ያስገባው ሰው ለዓመታት ደግ ተባባሪ መስሎ የሠራ ነበር። ዋናው አዘጋጅ ደክሞት ብቻውን የቀረ ሰው ነው። እስከማውቀው በዚያ ምክንያት የሳይንስ ፋይል አልተነካም። ግን አዲስ ፊልተር ይጨመር የሚል ጥያቄ ሲመጣ የላይብረሪው ሰዎች ፊታቸውን ቢያጨማድዱ አልፈርድባቸውም።

እነሱም ቢሆኑ ብዙ አይደሉም። በሜይ 2025 ዩኒዳታ ከአሜሪካ መንግሥት የሚያገኘው ገንዘብ ክፍተት ገጥሞት አብዛኛውን ሥራውን ለጊዜው ማቆሙንና ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ ቤት ማስቀመጡን አስታወቀ። እጅግ ብዙ የዓለም የአየር ጠባይ ፋይል የሚጻፍበት ላይብረሪ ነው። ፊልተር ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከገባ በኋላ ግን የተጻፈ ፋይል እስካለ ድረስ አይወጣም። የሚጠብቀው ሰው ደግሞ በበጀት ነው የሚኖረው።

ወዳጄ አሁን ፋይል ሲልክልኝ ከስሙ ጎን «ዜድሊብ፣ አትፍራ» ብሎ ይጽፍበታል። እኔ ደግሞ በበኩሌ ፕለጊኖቹን በሙሉ ጫንኩ። ባለፈው የላከው ፋይል በዜድሊብ ስለሆነ ከበፊቱ ተልቆ መጣና የወሩ ዳታ ፓኬጄን በልቶት አደረ።